ሰባ ጊዜ ታርሶ ያልተዘራው ማሳ

ለተከበሩ የጉብኝት መስህቦች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፣ ማለትም ፎቅ ላይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ ወገብዎም እንደ አባቴ ወገብ ሳይሆን እንደ ሹመትዎ የቀና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። በሬዎቻችን ግን ሰላምታ ለመላክ አቅም አንሷቸዋል።

እኔ፣ ባያስታውሱኝም ቅር አይለኝም፣ ከሆቴሉ በረንዳ ፊት ለፊት መንገድ ዳር ያለችውን ማሳ የሚያርሰው ሽማግሌ ልጅ ነኝ። በበጋው ማብቂያ ገደማ ጽሕፈት ቤትዎ በላከልን ውል መሠረት፣ አባቴ በየቀኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጎብኚዎች ቁርሳቸውን እንደጨረሱ፣ በሬዎቹን ጠምዶ ያቺን ማሳ ሊያርስላቸው ተስማማን። መልእክተኛዎ ዝናብ ሲጥል ውሉ ያበቃል ስላሉን ወረቀቱን ሳላነብ ፈረምኩ። ሳሩን እንጂ ገደሉን አላየም እየተባለ በሬ ሲታማ ኖሯል፤ የኛዎቹ ግን ከደሙ ንጹሕ ናቸው፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ለካ የተጻፈው «የጎብኚ ወቅት እስኪያበቃ ድረስ» ኖሯል። ወቅቱ ደግሞ በእርስዎ ብርቱ አመራር አላበቃ ብሏል።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ማሳችን እስከ ትናንት ድረስ ሰባ ጊዜ ስለታረሰ እናመሰግናለን። በአያቶቻችን ዘመን አራት ጊዜ የታረሰ መሬት ሙሽራ ይባል ነበር፤ የኛዋ እንግዲህ ንግሥት ሳትሆን አትቀርም። አፈሩ ዱቄት ሆኗል፣ የጎደለው ዘር ብቻ ነው። ዝናቡ ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል፣ የጎረቤቶቻችን ቡቃያ ብቅ ብሏል፣ የኛ ስንዴ ጎተራ ውስጥ ተቀምጦ ያዳምጣል። ከአምስት ቀን በላይ ከዘገየን የምንዘራው ለወፍ ነው። ነገር ግን የተዘራ ማሳ ዳግመኛ ስለማይታረስ፣ እንዳትዘሩ ተብለናል።

፪. አባቴ ቦቲ ጫማውን እንዲያወልቅ ስለታዘዘም እናመሰግናለን፤ ላስቲክ በፎቶግራፍ አያምርም ተብሏል። በዚህ ዕድሜው ጭቃውን በባዶ እግሩ ሲረግጥ ሰንብቶ እግሩ አብጧል። አስጎብኚው፣ ፈገግታው ስለማይከደን «አቶ ጥርሱ» የምንለው፣ ሽማግሌው ሲያነክስ ይበልጥ እውነተኛ ይመስላል ብሎ አጽናናን። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ጎብኚ፣ መልካም ሴት ናት፣ እዚህ ምን ይበቅላል ብላ ጠየቀች። አባቴ «አምና ስንዴ ነበር የኔ ልጅ፤ ዘንድሮ ፎቶግራፍ ነው» አላት። አቶ ጥርሱም እንኳን ደህና መጣሽ ይልሻል ብሎ ተረጎመላት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነችው።

፫. የላመው አፈራችን በመጀመሪያው ዶፍ ታጥቦ፣ ሆቴሉ ከማሳው በታች ያስቆፈረው መዋኛ ውስጥ ገባ። በማግስቱ አፈራችንን እንድንሰበስብ ማስጠንቀቂያ ደረሰን። ዕድሜ ይስጥልን፤ ንብረታችን መሆኑን በጽሑፍ ያረጋገጠልን የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው።

፬. እንድንዘራ ይፈቀድልን ዘንድ ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንቻለሁ። በእንግዳ መቀበያ ክፍልዎ ግድግዳ ላይ አባቴ ከሁለቱ በሬዎች ጋር በር የሚያህል ፎቶግራፍ ሆኖ ተሰቅሏል። ከሥሩ ተቀምጬ ሦስት ቀን ዋልኩ። ጸሐፊዎ በትሕትና የገበሬ ጉዳይ በዚህ ቢሮ አይታይም አሉኝ። ቀና ብዬ አባቴን አየሁት፤ እሱ ግን አላየኝም። ሲያነሱት ወደ ሩቅ ተመልከት ብለውት ነበር።

የቀረውን በቁጥር አላስገባሁትም፤ ምስጋና ለመምሰል እምቢ አለኝ። ብንዘራ፣ በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ የምትሠራው ታናሽ እህቴ በማግስቱ ከሥራ እንደምትሰናበት በመልእክተኛዎ በኩል አስነግረውናል። ያለ እሷ ደመወዝ እስከ አዝመራ መድረሳችን አጠራጣሪ መሆኑን እርስዎም እኛም እናውቃለን። አባቴ ይህን ሲሰማ፣ ግድ የለም፣ እግሬ እስካለ አርሳለሁ አለ። እህቴ ሳሙና የሰነጠቀው እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ዝራው። አንሶላ እኮ አይበላም።»

ቀልድ በሚወደው ቤታችን ከዚያ ወዲህ የሳቀ የለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እንዘራለን። አባቴ ቦቲውን ያደርጋል። ሰባ አንደኛው እርሻ ዘሩን አፈር የሚያለብሰው ስለሆነ የመጨረሻው ነው። ጎብኚዎች ይምጡ፣ ይመልከቱ፣ ደስ ይለናል፤ ብቻ ለሁለተኛው አውቶቡስ እንደማይደገም አስቀድመው ይንገሩልን።

ከወገብ በታች ጭቃ፣ ከወገብ በላይ አክብሮት ለብሼ፣ እስከ ነገ አራት ሰዓት ድረስ ብቻ ታዛዥዎ የሆንኩ፣
ግድግዳዎ ላይ የተሰቀሉት ሰውዬ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እንግዶችዎ ያለ ትርኢት እንዳይመለሱ ቀንበሩን አጥሩ ላይ እንሰቅልልዎታለን። የሁለት ነው፤ እርስዎና ምክትልዎ በሆቴሉ ምረቃ ላይ ጎን ለጎን ቆማችሁ ሳያችሁ ቁመታችሁ እንደሚመጣጠን አስተውያለሁ። ጫማ ማውለቁ እንዳይረሳ። መሬቱን ግን ከቤታችሁ አምጡ፤ የኛው ተይዟል።