አባ ጣት ያልነካው ቨርዥን

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ዛሬም ሪሊዝ። የአውቶቡስ ወንበር የሚያዝበትን አፕ አዲስ ቨርዥን ሰው በስልኩ አፕ ወደሚያወርድበት ስቶር የምልክበት ቀን። በየሳምንቱ ሐሙስ። ቁጥሩን ቀይሪ፣ ለየስልኩ መጠን የስክሪን ፎቶ አንሺ፣ በየቋንቋው መግለጫ ለጥፊ፣ ፋይሉን ጫኚ፣ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ እንደገና ጫኚ... አንዱን ፎቶ ያለቦታው ለጥፌ ሁሉንም ከሀ ጀመርኩ።

መጨረሻ ላይ አለቃችን ይመጣል። ተነሺ ይለኛል። ወንበሬ ላይ ይቀመጣል፣ ሁላችን ከኋላው እንቆማለን፣ «ላክ» የምትለዋን በጠቋሚ ጣቱ ይጫናል። ጭብጨባም አለ። እኔ አቡክቼ እጋግራለሁ፣ እሱ ይባርካል። አባ ጣት ብዬዋለሁ፣ በሆዴ።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

እማዬ ለሁለተኛው ዓይኗ ቀጠሮ አገኘች። ቀዶ ጥገናው ረቡዕ 26፣ ፋሻው የሚፈታው በማግስቱ ጠዋት። ሐሙስ! ከቀን ሁሉ ሐሙስ።

አምና የመጀመሪያው ሲፈታ ኮሪደሩ ላይ ላፕቶፕ ታቅፌ ፋይል እጭን ነበር። ስገባ አልቋል። «ነርሷን አየኋት፣ ጠይም ናት፣ ታምራለች» አለችኝ። ያ ዓይን ወዲያው ደከመ። ዛሬ ከጥላ በቀር የሚያይላት የለም። አልተቀየመችኝም... ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁንማ አይሆንም።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ፈቃድ ጠየቅኩ። ከሐሙስ በቀር የፈለግሽውን ቀን ውሰጂ አለኝ። እኔ ባልኖርም ሥራው እንዲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያዝ ስክሪፕት ልጻፍ፣ ኮምፒውተሩ ፎቶውንም ያነሳል፣ ፋይሉንም ይጭናል፣ ይልካልም አልኩት። ሳቀ። «የሰው እጅ ያልነካው ነገር በረከት የለውም» አለ።

የእጅ በረከት! ባለፈው የተሳሳተውን ቨርዥን የላከው የማን እጅ ሆነና? እጽፈዋለሁ። ወደደም ጠላም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ምሳዬን ትቼ ስክሪፕቱ ላይ ዋልኩ። ይነሳል፣ ይወድቃል። ጠርጣራው የምለው ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆሞ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል አለኝ። ሥራው እኛ የሠራነውን እየፈተነ ስህተት መልቀም ነው፤ ሰላም ሲሉት እንኳ ማስረጃ ይፈልጋል። ፎቶዎቹ በራሳቸው ሲነሱ ሲያይ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ።

እስከ መጨረሻው ይሄድ እንደሆነ ልሞክር ብዬ «ምን አዲስ ነገር አለ» በሚለው ቦታ አፌ ላይ የመጣውን ጻፍኩ፦ «አባ ጣት ሳይነካውም ይሄዳል።» ከመላኩ በፊት ቁም የሚለውን መስመር ረስቼዋለሁ። ሄደ። ስቶሩም አጸደቀው። ተሳፋሪ ሁሉ ሲያነበው ዋለ። አንዷ ደግሞ «አባ ጣት ማን ናቸው? ደህና ናቸው ወይ?» ብላ አስተያየት ጽፋለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ጠራኝ። አስተያየቱን ከስልኩ አነበበልኝ። አባ ጣት ማን እንደሆነ ገብቶታል፤ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ስክሪፕቱን አጥፊው፣ ከአሁን በኋላ ሁሉም በእጅ፣ አለ። ስለ ስሙ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከልቤ። አሳፍሮኛል።

«ስሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኮምፒውተሩ የሰጠሁትን ነው የላከው» አልኩት። «አላጠፋውም። ሌላ ሰው አንብቦ ካልፈቀደ እንዳይልክ አደርገዋለሁ። ሐሙስ 27 ግን እናቴ ጋ ነኝ።»

«ብከለክልሽስ?»

«ቢከለክሉኝም።»

ወጥቼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ያባርረኝ እንደሆነ ያባርረኝ!

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

አላባረረኝም። አላናገረኝምም። ያንን ጽሑፍ የሚያርመውን ቨርዥን በእጅ ላኩ ብሎ ሲመጣ፣ ጠርጣራው ቀድሞ አንብቦ ፈቅዶ ስክሪፕቱ ልኮታል። «እያንዳንዱን ቃል አይቻለሁ፣ ሄዷል» አለው። አለቃችን ወንበሬ አጠገብ ትንሽ ቆመ፣ የሚጫነው ነገር አጥቶ ወጣ። አሳዘነኝ እንዴ? ትንሽ። ሐሙሴን ለመመለስ ያህል ግን አይደለም።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ነርሷ ጓንት ስታጠልቅ ስልኬ ጮኸ። አለቃችን ነው። ስቶሩ ቨርዥኑን መልሶታል፤ አንዱ ፎቶ ላይ የድሮው አርማ ቀርቷል። ቶሎ ነይ አለ። ዲዛይነሯ ፎቶውን ትቀይር፣ ጠርጣራው ይፍቀድ፣ የቀረውን ስክሪፕቱ ይጨርሰዋል አልኩት።

«አንቺስ?»

«እኔ እናቴ ጋ ነኝ።»

ስልኩን አጠፋሁት። እማዬ ሰምታለች፤ ሥራሽን እንዳታጪ አለችኝ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ አልኳት።

ፋሻው ተፈታ። ዓይኗን አርገበገበች፣ መብራቱን ሸሸች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ፈራሁ... እያየችኝ ነው? እጇን ዘረጋች፣ ሳትዳብስ፣ ቀጥ ብላ ጆሮዬ ሥር ያለውን ፀጉር ያዘች።

«ይሄ ሽበት ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከሐሙስ ብዛት ነው፣ እማዬ» አልኳት። ተሳሳቅን፣ እንባችንም መጣ።

መሽቷል። ስልኬ አሁንም እንደጠፋ ነው።