ልጆች ለምን ጫካ ይገባሉ

እቴ ዓለምወርቅ፣ የኩዌት ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ ኢየሱስ ይመስገን ደኅና ነን።

የዶክትሬት ፕሮፖዛሌን እያዘጋጀሁ ነው፤ ጥያቄዬ ልጆች ለምን ጫካ ይገባሉ የሚል ነው። ማክሰኞ ለአማካሪዬ ላሳይ ወደ ባሕር ዳር ስሄድ፣ ሐሙሲት ሳንደርስ ታጣቂዎች ሚኒባሱን አስቆሙት። የሾፌሩን ጥርስ በሰደፍ አረገፉት። አጠገቤ የነበረውን መምህር ደረቱን በጥይት መቱት፤ ደሙ ቀሚሴን አራሰው። ፊቱን የሸፈነ አንዱ ጠመንጃ ደግኖብኝ ቆየና፣ «እታበባ፣ አትይኝ፤ ሂጂ» አለኝ። ከቤታችን ሰው በቀር እታበባ የሚለኝ የለም።

አማካሪዬ «ከታጣቂዎቹ አንዱን አነጋግሪ» አለኝ። ርዕሱን ልቀይር ነው።

እናታችን «መንገድ ላይ የምታውቂው ሰው አላየሽም?» ስትለኝ፣ «ማንንም» አልኳት።

ታናሻችን ዘመኑ ከቤት እንደወጣ እስካሁን አልተመለሰም፤ ከደወለልሽ አትቆጪው፤ «መኝታህ እንደተነጠፈ ነው» በይልኝ።

አምላክ አንድም ሳንጎድል ያገናኘን።

እኅትሽ ሰብለወንጌል