ራሰ ቀይ ድንጋዮች

ለልጅ ልጄ ለእፀገነት፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ይዞሻል? የእናትሽ የሸዋዬ ጉልበት ክረምቱን እንዴት ተወጣው? ባልሽ ታሪኩስ፣ ቁጭ ባለበት ማንኮራፋቱን ትቷል ወይስ አሁንም ሬዲዮው ነው ይላል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው እነካካለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ጤና ከየት ይመጣል። ፊደሉን ያተለቅሁት፣ እናንተ የዘመኑ ልጆች ከስልክ ላይ ካልሆነ ማንበብ ስለሚቸግራችሁ፣ ላንቺ አዝኜ ነው።

እናትሽ ስለ ሥራዬ ለጎረቤት «ባትሪ ይሞላል» ብላ ታወራለች አሉ። በደንብ አስረጃት። ያለ ገመድ የሚሠራው ድሪል ከታች የሚሰካ ባትሪ አለው። ሲደክም ሌላው ሰው ይጥለዋል፣ እኔ እከፍተዋለሁ። ውስጡ አውራ ጣት የሚያካክሉ አምስት ድንጋዮች ተደርድረዋል። አምስቱንም አውጥቼ በአዲስ እተካለሁ፤ አሮጌና አዲስ ከተቀላቀለ አሮጌው አዲሶቹንም ያደክማቸዋል፣ ከእኔ ጋር እንደመኖር ማለት ነው። ከዚያ የአንዱን ራስ ከሌላው ቂጥ እያገናኘሁ በቀጭን የኒኬል ጥብጣብ እበይዳቸዋለሁ። አንዱ ከተገለበጠ ጉድ ይመጣል፤ ቻርጀር ላይ ሲሰካ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። እዚህ ሀርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚፈለገው እኔ ነኝ። ጉራ አይደለም፤ ቢሆንም ትንሽ ነው።

አጠገቤ ሳህራ የምትባል ጅጅጋ ያደገች ሴት ሂናና የጥፍር ቀለም ትሸጣለች። ለሶላት ስትሄድ ዕቃዋን እጠብቅላታለሁ፣ ምሳ ስበላ ዕቃዬን ትጠብቅልኛለች። ከሚያዝያ ወዲህ፣ ጠዋት የገዛኋቸውን ድንጋዮች ከምሳ መልስ ስደረድር ራሳቸው ቀልቶ ይታየኝ ጀመር። ቻይናዎቹ ለሽማግሌ ማሰብ ጀመሩ ብዬ መረቅኋቸው።

ባለፈው ሳምንት ሳህራ ልጇን ልትጠይቅ በርበራ ሄደች። የዚያን ቀን ድንጋዮቹ ራሰ ቀይ አልነበሩም። የሸጠልኝን ነጋዴ ረግሜ፣ ራስና ቂጡን በጣቴ እየዳበስኩ ሦስት ባትሪ ሠራሁ። መለኪያ ቴስተር አለኝ፤ ግን ቁጥሩ እንደ ጉንዳን ስለሚርመሰመስብኝ ከሣጥኑ ካወጣሁት ከርሟል።

በሦስተኛው ቀን የአሉሚኒየም መስኮት የሚገጥመው ሻኪር የሠራሁለትን ባትሪ አሸዋ በሞላ ባልዲ ውስጥ ቀብሮ አመጣው። ቤቱ ቻርጀር ላይ ሰክቶት ግሎ ሲሸት ደርሶበታል። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «አባባ፣ ልጆቼ አጠገቡ ይጫወቱ ነበር» አለኝ።

ሳህራ ተመልሳ ነበርና በነጋዴው ላይ ስሞታ አቀረብኩላት፤ ራሱ ያልቀላ ድንጋይ ሸጦ አዋረደኝ ብዬ። ሳቀች፣ ሳቀችና ዓይኗ ባልዲው ላይ አረፈ። «አባባ፣ የሚያቀላቸው ነጋዴው አይደለም» ብላ የጥፍር ቀለሙን ብልቃጥ አነሳች። ለካ እኔ ምሳ ስሄድ የእያንዳንዱን ራስ ስትቀባ ነው የከረመችው። ለምን አልነገርሽኝም ብላት፣ «ዓይኔ የንስር ነው እያሉ ሲምሉ ማን ይደፍርዎታል?» አለችኝ።

የቀሩት ሁለቱ ባትሪዎች ግን ሰው ቤት ነበሩ። ሻኪር ባጃጅ ጠርቶ እስከ ዳሚ ሰፈር ድረስ አብሮኝ ዞረ። መንገድ ላይ አንድም ቀልድ አልመጣልኝም፤ «አባባ፣ አሞዎታል እንዴ?» ብሎ ግንባሬን ዳሰሰ። ሁለቱንም ገና ቻርጀር ሳይነካቸው አገኘናቸው። አንዱ ደህና ነበር። አንዱ ውስጥ እንደ ሻኪር ባትሪ የተገለበጠ ድንጋይ ነበረበት። ለሻኪር ሌላ ሠራሁለት፣ ሳህራ በቴስተሩ ለክታ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችለት። አሁን እሷ ሳታነብ አንድም ባትሪ ከጠረጴዛዬ አይነሳም።

እንግዲህ እፀገነት፣ ለዓይን ሞራው ጥቅምት ላይ ቀጠሮ ስታስይዥልኝ «ለሚያስፈልገው ሰው ስጪው» ብዬ በስልክ ቀልጄብሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። የፈራሁት ሐኪሙን አይደለም፤ አንዴ ከእጃችሁ ከገባሁ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሙቅ ብላችሁ እንዳታስቀሩኝ ነው። ቀጠሮውን አሳልፈሽ ካልሰጠሽው እመጣለሁ። ዓይኔ ሲበራ ግን ልመለስ ስል በር ላይ እንዳትቆሚብኝ። የሳህራን ቀለም ጨርሼባታለሁ፣ ሳልተካላት አልቀርም።

የሸዋዬን ሁለቱንም ጉልበቶች ሳሚልኝ፤ ልጄ ሆና ከእኔ ቀድማ አረጀች። ታሪኩን፣ ከነቃ፣ ሰላም በይልኝ። ትንሿ ልጅሽ የወለቀው ጥርሷ በቅሎ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ የእኔ እስካሁን አልበቀለም። አዲሱ ዓመት በደህና ይግባላችሁ።

የፊደሉ ትልቅነት ለምን እንደሆነ አሁን ሳትደርሺበት አትቀሪም። ከግርጌ የምታዪው ቀይ ነጥብም ደም አይደለምና እንዳትደነግጪ። ወረቀቱ የት ላይ እንደሚያልቅ እንዲታየኝ ሳህራ ያኖረችልኝ ነው።

አያትሽ አለሙ
ሀርጌሳ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.