መስመሮቻችንን በሁለት ፎቅ ላካፈሉልን ኃላፊ

ለተከበሩ የድርጅታችን ዋና መሥሪያ ቤት የኔትወርክ መምሪያ ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ከነገሌ ቦረና ክሊኒካችን የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ማኅተምዎም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ከአንዲት ታማሚ በቀር ደህና ነን።

እኔ የዚህ ክሊኒክ የራጅና የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ከስድስት ቀን በፊት ወይዘሮ ዲንኪቱ የተባሉ እናት ውሃ ሲቀዱ ጉድጓድ ውስጥ ወድቀው ወገባቸው ተጎድቶ መጡ። ራጁን የሚያነቡት ሐኪም ያሉት በእርስዎ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ እሳቸው አይተው ካልፈቀዱ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ወደ ክብረ መንግሥት ሆስፒታል ልንወስዳቸው አንደፍርም። ምስሉ ግን በላክሁት ቁጥር መንገድ ላይ ይቀራል። ስለሆነም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

1. ሁለቱን መስመሮቻችንን እንደ አንድ ሰፊ መስመር አሠርቶ ምስሉን በሁለቱ ከፋፍሎ የሚልከውን፣ መልቲሊንክ የሚባለውን ቅንብር እንዳስገባ ባዘዙኝ መሠረት፣ በዚህ በኩል ሁለቱንም አንድ ራውተር ላይ አስተሳስሬአቸዋለሁ። ክፍልፋዮቹ ተመልሰው እንዲገጣጠሙ፣ በእርስዎ በኩልም አንድ ራውተር ላይ ማረፍ ነበረባቸው። ሆኖም ሁለት ክፍሎች «መስመሩ የእኛ ነው» ተባብለው አንዱን ሦስተኛ ፎቅ፣ ሌላውን አምስተኛ ፎቅ በየራሳቸው ራውተር ላይ ሰክተውታል። ስለ ፍትሐዊ ክፍፍሉ እናመሰግናለን፤ የወይዘሮ ዲንኪቱም አከርካሪ ግማሹ ሦስተኛ፣ ግማሹ አምስተኛ ፎቅ ይገኛል።

2. አቤት ባልሁ ጊዜ ባለሙያዎችዎ መስመሮቹን ለየብቻ ፈትሸው «ሁለቱም ይሠራሉ» የሚል ባለማኅተም ሪፖርት ስለላኩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የታማሚዋ ባለቤት ኦቦ ጣዲቻ በየማለዳው «ናጋ» ብለው ሰላምታ እየሰጡ ገብተው ምስሉ ሄደ ወይ ይሉኛል። ሪፖርቱን ባነብላቸው፣ የሚሠራ ከሆነ ለምን አይሄድም ብለው ጠየቁኝ።

3. ትስስሩን ፈትቼ በአንዱ መስመር ብቻ ልላክ ብዬ ፈቃድ ብጠይቅ፣ ያለ ኮሚቴ ውሳኔ ቅንብሩን መንካት ከሥራ እንደሚያሳግድ በሰዓታት ውስጥ አሳወቁኝ። እንዲህ ያለ ፍጥነት ከመምሪያዎ አይቼ አላውቅም። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ወር ነው አሉ፤ እኔ ደግሞ ከታማሚዋ አልጋ ወደ ራውተሩ፣ ከራውተሩ ወደ አልጋቸው ስመላለስ መቀመጥ አቅቶኛል።

ሥልጣንዎ እንዲሰፋ፣ ፎቅዎም እንዲበዛ ከልብ እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ልዑልቃል ወልደገብርኤል
ነገሌ ቦረና

በኋላ የታከለ፦ ደብዳቤውን ከፈረምሁ በኋላ ትዕግሥቴ አለቀና ትስስሩን ያለ ፈቃድ ፈታሁት። ምስሉ በአንዱ መስመር በአሥራ አንድ ደቂቃ ደረሰ። ሐኪሙም ወገባቸው በደንብ ታስሮ ዛሬውኑ ይሂዱ ብለው ጻፉ፤ መኪናዋ አሁን ተነሥታለች። የእግድ ደብዳቤዬን እጠብቃለሁ። ሐኪሙ ግን በመልሳቸው መጨረሻ ላይ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ለምን አስተኛችኋት ብለው በቁጣ ጠይቀውኛል፤ ቢሯቸው ከቢሮዎ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ ብቅ ብለው እርስዎ ቢነግሯቸው።