በመስታወት ውስጥ ስላስቀመጧት ነጭ ጥርስ

ለተከበሩ የቤተ መዘክራችን ዋና ዳይሬክተር፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና ይሁን። እኔ ካሰናበቱኝ ወዲህ ወገቤ ስላረፈ ደኅና ነኝ፤ ውለታዎ አይረሳኝም።

ሌላው አንባቢ እንዲያውቀው ያህል፣ ሃያ ሁለት ዓመት በምድር ቤቱ ክፍል ከቁፋሮ የመጣ አፈር በወንፊት እያጠብኩ፣ የቀረውን ፍርፋሪ በአጉሊ መነጽር እያየሁ፣ በእርጥብ ብሩሽ ጫፍ ጥርስ ስለቅም ኖሬአለሁ። የምንፈልገው ከሃምሳ ሚሊዮን ዓመት በፊት ዘራቸው የጠፋውን፣ የጦጣ የሩቅ ዘመድ የሚመስሉትን፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡትን የዛፍ ላይ እንስሳት ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ያገኘሁት አንዲት ጥርስ ብቻ ነው፤ እሷም ከሰናፍጭ ቅንጣት አትበልጥም።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መቁጠር ከማንበብ በፊት የማውቀው ነው።

1ኛ. በስልሳ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ የለቀምኩትን በማስቀምጥባቸው ብልቃጦች ላይ በእጄ መጻፍ ስጀምር፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «እማማ፣ ይሄን ዶሮ ናት የጫረችው ወይስ እርስዎ?» ብለው ስላሳቁብኝ አመሰግናለሁ። በዚህ ዕድሜ ለሰው ሳቅ መትረፍ ቀላል ነገር አይደለም።

2ኛ. እንግዳ ይመጣል ሲባል ምድር ቤት ወርደው፣ ከጠረጴዛዬ አንዷን ብልቃጥ አንሥተው፣ ጽሑፌን ሳያነቡ ልጠው፣ «የተገኘችው በዋና ዳይሬክተሩ» የሚል የታተመ ወረቀት ስለለጠፉባት ምስጋናዬ የላቀ ነው። እጅ ሳይርስ ማግኘት የተማረ ሰው ጥበብ ነው። በመግለጫዎ «ነጭነቷን በሚያስደንቅ ሁኔታ የጠበቀች» ማለትዎንም አንብቤአለሁ። አዎን፣ አሁን አነባለሁ።

3ኛ. የቀሩትን ብልቃጦቼን «ይህ ጽሕፈት እንግዳ ፊት አይቅረብ» ብለው ከቆሻሻ ጋር ስላስጣሉ፣ እኔንም የምስክር ወረቀት የላትም ብለው በማግስቱ ስላስከተሉኝ፣ ክፍሉ ስለጸዳልዎ እንኳን ደስ አለዎ።

ሐሙስ እንግዶችዎ ሊቃውንት መጥተው ጥርሷን በአጉሊ መነጽር ሲያዩ፣ ከጎናቸው ቆመው ፎቶግራፍ እንዲነሡ ከልብ እመኛለሁ።

በወንፊትዎ ላይ በጎበጠ ወገብ፣ መጉበጡንም እንደ አክብሮት እንዲቆጥሩላት በመለመን እጅ የምትነሣ፣
የቀድሞ አፈር አጣቢዎ

ሳልረሳው፦ የላጡት ጽሑፌ «የዘንድሮ አይጥ፣ ለአዲስ ሠራተኛ መለማመጃ» ይል ነበር። መጋዘናችን ውስጥ በወጥመድ የተያዘች ናት። ያን ያህል ዘመን አፈር ውስጥ የኖረ ጥርስ ይጠቁራል እንጂ አይነጣም። እኔ ያገኘኋት ጥቁሯ ጥርስ አጠገቧ ባለው ብልቃጥ ውስጥ ነበረች፤ ከቆሻሻው ጋር ሄዳለች። እኔ የተማርኩበት የጎልማሶች ትምህርት ቤት ምዝገባው አልተዘጋም፤ ከፊት ወንበር ይሰጡዎታል።