በብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ስለታሸገው ራውተራችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሠፈራችን የኢንተርኔት አገልግሎት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ወንበር የተደላደለ፣ እንቅልፍዎም እንደ እኛ መስመር በየደቂቃው የማይቆራረጥ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። እኔና ቤተሰቤ፣ መስመራችን ከመታገዱ በቀር፣ ደህና ነን።

በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ያን ሁሉ ዘመን ለደብዳቤ ቁጥር ስሰጥ፣ ፋይል ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩ በመሆኔ ሹም እንዴት እንደሚከበር አይጠፋኝም። ይህንን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩትም እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ በፖስታ አሽጌ ከላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ሦስቱ የት እንደገቡ ባለመታወቁ፣ ሕዝብ ሲያነበው ምናልባት እርስዎም ዓይንዎን ጣል ያደርጉበት ይሆናል ብዬ ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረቤን የድሮ ሙያዬ ያመጣው ልማድ ነውና ይታገሡኝ።

፩. ስለ ውሉ

የዛሬ ስድስት ወር ግድም መሰላል ተሸክሞ የመጣው ባለሙያዎ ጠባየ መልካም ሰው ነበር። ግድግዳውን በስቶ ገመዱን ካስገባ በኋላ፣ በውሉ አንቀጽ አሥራ አራት መሠረት ራውተሩ "ቁልፍ ባለው ስፍራ" ተቀምጦ መታሸግ ስላለበት፣ ቤታችን ውስጥ ቁልፍ ያለው ምን እንዳለ በትሕትና ጠየቀን። እዚህ ላይ ጥፋቴን ማመን አለብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳሎኑም እኮ ቁልፍ አለው ይል ነበር፤ ባለቤቴም ከወጥ ቤት ሆና ይህንኑ ብላ ነበር። እኔ ግን ከሕግ ጋር አትከራከሪ ብዬ ዝም አሰኘኋትና፣ ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቴ በስጦታ የሰጠኝን ባለ ሁለት በር የብረት ቁም ሳጥን በኩራት አሳየሁት። ባለሙያው ራውተሩን ከአሮጌ ፋይሎቼ መካከል ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፣ ባለ ቁጥሩን የማሸጊያ ወረቀት ግማሹን በራውተሩ ግማሹን በመደርደሪያው ላይ ለጠፈና በሦስት ቅጂ አስፈረመኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በእኛ ቤት ሞኙ እኔ፣ ወረቀቱ የእርስዎ ውል ሆነና፣ ሥራው በአየር ላይ መሰራጨት የሆነውን ዕቃ ብረት ውስጥ ቆልፈንበት ቁልፉን በአንገቴ አንጠልጥዬ ተኛሁ።

፪. ስለ ምክሩ

ከዚሁ ዕቃ ጋር ስላደላችሁን ባለ ቀለም የምክር መጽሐፍም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሥዕሉ ያማረ፣ ምክሩም ሁሉ እውነት ነው። ራውተሩ ከቤቱ መካከል ይሁን፣ ከወለል ከፍ ይበል፣ ገላጣ ቦታ ይቀመጥ፣ ከብረትና ከመስተዋት ይራቅ ይላል። አንደኛው ክፍላችሁ ይህንን ሲያሳትም ሌላኛው ክፍላችሁ ያንን ውል ማሳተሙን ሳይ፣ ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ፎቅ ላይ እየሠሩ ሰላምታ አይለዋወጡ ይሆን ብዬ ተጨነቅኩላቸው። ከብረት ያርቁት የሚለውን ምክር ያነበብኩት የቁም ሳጥኑን የብረት በር ተደግፌ ነበር።

ምክሩን ልንፈጽም አልሞከርንም እንዳይሉን። በሮቹን ቀን ሙሉ ከፍተን ዋልን። አንቴናዎቹን ቀጥ አደረግናቸው፣ ከዚያ አጋደምናቸው፣ ከዚያ አንዱን አቁመን አንዱን አስተኛን። ባለቤቴ ሞገዱን ወደ ጓዳ ይመልሰዋል ሲሉ ሰምታ የድስት ክዳን ከኋላው አቆመች። ሬዲዮ የሚጠግነውና ሠፈሩ "ኢንጂነር" የሚለው ጎረቤታችን በስልኩ ገብቶ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ የተጨናነቀበትን የሞገድ መንገድ፣ እርሱ ቻናል የሚለውን፣ ትቶ ወደ ባዶው ቀየረልን። በስልኩ ላይ የሞገዱን ጥንካሬ የሚያሳየው ጭረት ከአንድ ወደ ሁለት ከፍ አለና ጥቂት ቆይቶ ወደ አንድ ተመለሰ። "ጋሼ፣ ይህ እኮ ሰውን ጉድጓድ ከትቶ ዝፈንልኝ እንደማለት ነው" ብሎኝ ሄደ።

፫. ስለ ልጄ

እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁመው።

የመጨረሻ ልጄ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ከተወለደች ጀምሮ መስማት የተሳናት ናት። ትምህርቷን የምትከታተለው በሌላ ከተማ ከምትኖር መምህርት ሲሆን፣ የሚገናኙትም በቪዲዮ፣ በምልክት ቋንቋ ነው። የሚሰማ ሰው ምስሉ ቢቆምበት ድምፁን ይዞ ይከተላል። ለእርሷ ግን ምስሉ ሲቆም ንግግሩ ቆመ ማለት ነው። ክፍሏ ከቁም ሳጥኑ በዘጠኝ እርምጃና በሁለት ግድግዳ ይርቃል። አንድ ቀን የመምህርቷ እጅ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ቆየ፤ ልጄም ብልግና እንዳይሆንባት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀቻት። ኋላ እንደተረዳነው መምህርቷ ገብቶሻል ወይ እያለች ደጋግማ ትጠይቃት ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጄ በርጩማዋን ይዛ ወደ ቁም ሳጥኑ ተሰደደች። ስልኳን ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አቁማ፣ ጭንቅላቷን ከፋይሎቼ መካከል አስገብታ ጂኦሜትሪ ተማረች። መምህርቷም ዕቃ መጋዘን አስቀጠራችኋት ወይ ብላ በጽሑፍ ጠየቀችን።

ይህ ሁሉ ሲሆን የቴክኒክ ኮሌጁ የመግቢያ ፈተና እየደረሰ ነበር። ኮሌጁ መስማት ለተሳናቸው አራት ቦታ ብቻ አለው። ፈተናው የሚሰጠው በቪዲዮ፣ በምልክት ቋንቋ፣ በአንድ ቀን ነው፤ ያመለጠው አይደገምለትም፤ የዕድሜ ገደቡም ለልጄ ዘንድሮ ያበቃል። እንግዲህ እኛ ፍጥነት ስንል የነበረው ፊልም ቶሎ እንዲከፈትልን አልነበረም።

፬. ስለ ስልክ ማዕከላችሁ

አቤቱታ የምትቀበሉት በስልክ ብቻ በመሆኑ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። በመጨረሻ ያገኘኋት ሠራተኛ፣ ቪዲዮው ሲቆም ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ይሰማል አልኩ። እንግዲያውስ መስመሩ ይሠራል አለችኝ። ቀጥላም ችግሩን ተጠቃሚዋ ራሷ ብታስረዳን ይሻላልና ስልኩን ይስጧት አለች። ልጄ ለምን በስልክ ማስረዳት እንደማትችል ቀስ ብዬ ነገርኳት። "እሺ፣ እንግዲያው ሲመቻት ትደውል" ብላ መልካም ቀን ተመኘችልኝ።

በእርሷ አልፈርድም። ፊቷ የተቀመጠውን ወረቀት ነው ያነበበችው። እኔም በአገልግሎት ዘመኔ ከወንበሬ መነሳት የሰለቸኝ ዕለት፣ መደርደሪያውን ቀና ብዬ እንኳ ሳላይ፣ ፋይሉ አልተገኘም ያልኳቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከሩቅ በእግራቸው የመጡ ነበሩ። ስልኩን ስዘጋ ልጄ አጠገቤ ቆማ ምን አሉህ ብላ በእጇ ጠየቀችኝ። ነገ ይመጣሉ አልኳት። ልጄን ስዋሻት ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል።

፭. ስለ ዝውውር

ራውተሩን አምስት እርምጃ ወደ ኮሪደሩ ለማራቅ በጽሑፍ ፈቃድ ስጠይቅ፣ ከተማ ለቅቆ የሚሄድ ሰው የሚሞላውን የአድራሻ ዝውውር ቅጽ ሰጣችሁኝ። የቀድሞ ቤትዎን ለማን አስረከቡ ለሚለው ጥያቄ፣ ለራሴ ብዬ ሞላሁ። ከወር በኋላ መልስ ሰጣችሁኝ። ከአራቱ ደብዳቤዎቼ መልስ ያገኘ እርሱ ብቻ ነውና መልሳችሁን በመስተዋት አስገብቼ ልሰቅለው አስቤአለሁ። "ዕቃው ከተመዘገበበት ቁም ሳጥን ሊለይ የማይችል መሆኑን እንገልጻለን" ይላል።

ክቡር ሆይ፣ ይህንን ዐረፍተ ነገር በመዝገብ ቤት ሰው ዓይን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ራውተሩ ከቁም ሳጥኑ አይለይ አለ እንጂ፣ ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው አይለይ አላለም።

በማግስቱ ኢንጂነርና ሦስት ጎረቤቶች መጥተው፣ አንድ ሁለት ሦስት ብለው፣ ቁም ሳጥኑን ከነራውተሩ፣ ከነፋይሎቼ፣ ከነማሸጊያ ወረቀቱ አነሡት፤ ባለቤቴ ገመዱን እንደ ሙሽራ ቀሚስ ይዛ ከኋላ ተከተለች። ከቤቱ መካከል፣ ኮሪደሩ ላይ፣ በአራት ብሎኬት ከፍ አድርገን አቆምነው። ጀርባውን ወደ ውጭው ግድግዳ፣ ፊቱን ወደ ልጄ ክፍል አዞርነው። በሮቹ አልታሸጉም ነበርና ነቅለን አልጋ ሥር ከተትናቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ የመምህርቷ እጅ አንድም ጊዜ አልቆመም። ልጄ በገዛ ክፍሏ፣ በገዛ ወንበሯ ተቀምጣ ተማረች። ሰውነቷ ሞላ ያለው ባለቤቴ በዚያ ኮሪደር በጎኗ እየሾለከች ስታልፍ አንድ ቀን አላማረረችም።

፮. ስለ ተቆጣጣሪው

ለፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው የላካችሁት ተቆጣጣሪ ሜትር ዘርግቶ ለካ፣ ማሸጊያው አለመነካቱን አረጋገጠ፣ ሥራውንም አደነቀ። "አባባ፣ አቀማመጡስ ግሩም ነው፤ ግን ቦታው አይደለም" አለኝ። ቁም ሳጥኑ ያለ ፈቃድ ስለተዘዋወረ ኮሚቴ እስኪወስን መስመሩ ለዐሥራ አምስት የሥራ ቀን ታገደ። ሰውዬው የግቢውን በር ሳይደርስ መስመሩ ጠፋ። ድርጅታችሁ ፍጥነት የለውም የሚሉ ሰዎች መጥተው ያን ዕለት ማየት ነበረባቸው።

፯. ስለ አዳራሻችሁ

የስልካችን ዳታ ምስል አይሸከምም። የኢንጂነር ራውተር ደግሞ በእናንተው ትእዛዝ ሻንጣ ውስጥ ተቆልፎበታል። የፈተናው ዕለት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እገዳው ለአንዲት ሰዓት እንኳ እንዲነሳልን ልለምን ልጄን ይዤ ወደ ቅርንጫፋችሁ መጣሁ። ቁጥር ስልሳ አራትን ወስጄ ተቀመጥኩና ቀና ስል አየሁት። የእኛው ዓይነት ራውተር ነው። ከአዳራሹ መካከል፣ ከጣሪያው ሥር፣ በገላጣ ቦታ፣ አንቴናዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ቁልፍ የለው፣ ማሸጊያ የለው። ተነሥቼ ልጮህ ስል ልጄ እጅጌዬን ሳብ አድርጋ ስልኳን አሳየችኝ። ተራ ለሚጠብቅ ደንበኛ በነፃ የምትለቁት መስመር ምልክቱ ሙሉ ነበር።

ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች፣ ስልኳን በአስተያየት መስጫው ሣጥን ላይ አቆመች፣ ፀጉሯን አስተካከለች። ሦስት ፈታኞች ምስሉ ላይ መጡ፤ እጆቿ ሥራ ጀመሩ። ጥበቃው ሣጥኑ የስልክ ማቆሚያ አይደለም ሊል መጥቶ እጆቿን አየና፣ ጀርባውን ሰጥቷት በኋላዋ ማንም እንዳያልፍ ቆመ። መስኮት አራት ያለችው ሠራተኛ ቁጥር መጥራቷን ተወች። አዳራሹ ዝም አለ። ዝምታው ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ እርሷም አትሰማ፣ ፈታኞቹም አይሰሙ፤ ሰው ግን ዝም አለ። እርስዎም ፋይል በብብትዎ ይዘው ብቅ ሲሉ፣ ጥበቃው ጣቱን ከንፈሩ ላይ ቢያደርግብዎ በእግር ጣትዎ ተራምደው አለፉ። ስለዚያች አረማመድ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ ይህኛው ምስጋና አሽሙር የለበትም።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ምስሉ አንዴም አልቆመም። በመካከሉ ስልሳ አራት በሰሌዳው ላይ በርቶ ጠፋ። ኋላ ወደ መስኮቱ ስቀርብ፣ ተራዎ አልፏል፣ አዲስ ቁጥር ይውሰዱ ተባልኩ። አልወሰድኩም።

ባለፈው ሳምንት የኮሌጁ መልስ መጣ፤ ልጄ ከአራቱ አንዷ ሆናለች። እናቷ አለቀሰች፣ እኔም ከእርሷ ብሼ አለቀስኩ። መስመራችን ግን እስከ ዛሬ እንደታገደ ነው፤ ዐሥራ አምስቱ የሥራ ቀን አርባ ሦስት ደርሷል። ለእኔ ቤት ምንም አልለምንም። በመንገዳችን ላይ ግን ራውተሩን በልብስ ስፌት መኪና መሳቢያ የቆለፈ አለ፤ ባለ ሱቁ ደግሞ ቁልፍ ስላለው ብቻ በተበላሸ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገብቶታል። በእነዚያም ቤቶች የሚማር፣ የሚሠራ፣ የሚታመም ሰው አለና፣ አንቀጽ አሥራ አራትን በአንድ የእስክሪብቶ ጭረት ይሰርዙልን ዘንድ እማጸናለሁ። እስክሪብቶ ከጠፋ እኔ ጋ አለ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ኮሚቴዎ፣ ስለ ሙዚቃዎ ጭምር እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ጣሪያዎም ያን ራውተር ተሸክሞ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ጡረተኛው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣
የታገደ መስመር ባለቤት

ማስታወሻ፦ ልጄ የመረጠችው የትምህርት ክፍል የኔትወርክ ተከላና ጥገና ነው። በመቀበያ ደብዳቤዋ ላይ እንደተመለከተው፣ ኮሌጁ ሁለተኛ ዓመት የደረሱ ተማሪዎቹን ለተግባር ልምምድ ለቤታቸው ቅርብ ወደሆነው ቅርንጫፍ ይልካል፤ ቅርቡም የእርስዎ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋ በየቤቱ ያሉ ራውተሮች በትክክለኛ ቦታ መቀመጣቸውን እየዞሩ ማየትና ለእርስዎ ሪፖርት ማቅረብ እንደሚሆን ነግረዋታል። አደራ፣ ሪፖርቱን ይዛ ቢሮዎ ስትገባ "ነገ ተመለሺ" ብለው አይድከሙ፤ አትሰማዎትም።