የጽዋው ተራ፦ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ይርጋ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ይርጋ ከአባታቸው ከአቶ ይርጋ መልካሙ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውብአለም እሸቴ ጥቅምት 8 ቀን 1945 ዓ.ም. ገሳይ ከተማ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው በሬ ሊሸጡ አንበሳሜ ገበያ ሄደው ስለነበር የምሥራቹን የሰሙት መንገድ ላይ ነው። ወንድ መስሏቸው ገና ቤታቸው ሳይደርሱ ቄሱ ዘንድ ጎራ አሉና ክርስትናውን ለአርባኛው ቀን ተቀጣጠሩ። ቤት ገብተው ሴት መሆኗን ሲያዩ፣ ሴት የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ፣ ቄሱም ከሰው ይሰማሉ ብለው ዝም አሉ። ቄሱ ግን አልሰሙም። በአርባኛው ቀን ውኃ አስቀድተው እስከ ረፋድ ጠበቁ። በሰማንያኛው ቀን "ያ ወንድ ልጅህስ የት ደረሰ?" እያሉ፣ እየተቆጡ ሕፃኗን አጠመቁ።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደብረ ታቦር አክስታቸው ቤት ሆነው እስከ አራተኛ ክፍል ተማሩ። በ1962 ዓ.ም. ከአቶ አድማሱ ጥላዬ ጋር ጋብቻ መሥርተው ዘላለምንና ርብቃን አፍርተዋል። በአንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለው በ2000 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

አማታቸው በ1968 ዓ.ም. ሲያርፉ በኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበር የነበራቸውን ቦታ ወረሱ። የማኅበሩ አባላት ወር በገባ በ16 በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ባለተራው ጠላና ዳቦ ያቀርባል፤ ጸሎት ደርሶ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል። መጀመሪያ "ሥራ ያስፈታል" እያሉ በግድ ነበር የሚሄዱት። በ1970 ዓ.ም. የሦስት ወር ሴት ልጃቸው ሞተችባቸው። የማኅበሩ ሴቶች ወር ሙሉ ውኃ ቀዱላቸው፣ እንጨት ለቀሙላቸው፣ አብረዋቸውም ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የማለዳውን የኪዳን ጸሎት አላስታጎሉም። ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ይጠርጉ፣ ለአብነት ተማሪዎች ምግብ ይወስዱ፣ ጠያቂ የሌለውን በሽተኛ ያጥቡ ነበር።

ችግሩ ማቆም አለማወቃቸው ነው። ደከመው ወይም አጣ ያሉትን ሰው ሁሉ ተራ ይወስዱ ጀመር። በ2009 ዓ.ም. ብቻ የሦስት ሰው ተራ ወስደዋል። ነፍሳቸውን ይማርና አቶ አድማሱ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ይኼ ቤት ነው ወይስ ጠላ ቤት?" ይሉ ነበር። እኛም የልጅ ልጆቻቸው ጋን ስናጥብ አድገናል። ብንለምናቸው አይሰሙም፤ ብናኮርፍ እንዳኮረፍንም አያውቁም።

ጎረቤታቸው ፍቅርተ ልብስ እያጠበች ልጆቿን የምታሳድግ የማኅበሩ አባል ናት። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ተራዋ ደረሰ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ እሷን ሳይጠይቁ፣ የማኅበሩን አባት መምሬ ሙላቴን ለምነው ጽዋውን ለራሳቸው አደረጉት። ፍቅርተ ግን ጠላዋን ጠምቃ ጨርሳ ነበር። ጽዋው በደጇ አለፈ፤ እሷም ከማኅበሩ ቀረች።

መምሬ ሙላቴ ፍቅርተ እንዳልተጠየቀች ሲያውቁ አዝነው ገሠጿቸው።

"አባቴ፣ ድሃ ናት ብዬ እኮ ነው።"

"ድሃ መሆኗን እሷ ታውቃለች፤ አንቺን ማን ጠየቀሽ? መስጠት ለምደሻል፣ መቀበል ግን አልተማርሽም። ሂጂ፣ ይቅርታ ጠይቂያት።"

ይቅርታ ጠይቂ ቢባሉ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ላኩ። ፍቅርተ ባመጣው ሰው መለሰችው። እሳቸውም መልሰው ላኩት። እንዲህ እያሉ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እየጾሙና እየጸለዩ፣ ሳይታረቁ መቁረብን ግን ፈርተው ቀሩ። እጅግ የጎዳቸው ይኸው ነበር።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጸናባቸው። ለጥር 16 ተራው የራሳቸው ነበር። ሐኪም ተኙ ቢላቸው ተነሥተው ጋን ሊያጥኑ ሲሉ ወደቁ። ልጃቸው ርብቃ ተቆጣች፤ እኛም አለቀስን። በማግስቱ ማንንም ሳያማክሩ በከዘራ እየተደገፉ ፍቅርተ ደጅ ሄዱ።

"ፍቅርተ፣ በድዬሻለሁ፣ ማሪኝ። ተራዬን መወጣት አቃተኝ፤ ያዢልኝ።"

"አሁን ገና ሰው ሆኑ፣ እትዬ! ይግቡ፣ ብርድ ላይ አይቁሙ።"

ጠላውን ጠምቃ፣ ዳቦውን ጋግራ ማኅበሩን ያስተናገደች ፍቅርተ ናት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተቀምጠው ሲስተናገዱ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ያም ሆኖ ጠላው ቀጥኗል ማለታቸውን አልተዉም። በሳምንቱ እሑድ ሥጋ ወደሙን ተቀበሉ።

የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አረፉ። ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ኪዳነ ምሕረት በቃል ኪዳኗ ትቀበላቸው፤ እዚያ እንኳ ቁጭ ብለው ይረፉ።

ዛሬ ጠዋት ፍቅርተ መጥታ ለተዝካሩ ጠላ ብቅል የሚሆን ገብስ ነክራለች። እኛም አልከለከልናትም።